አርባ ሰባት ማተብ

በአቃቂ ቃሊቲ፣ ከድልድዩ ወረድ ብላ በምትገኘው የካቶሊክ ቁምስናችን፣ እሑድ ቅዳሴ ሲያልቅ የሚታይ አንድ ሰልፍ ነበር። ትልቁ ሰው ወደ በሩ ሲያመራ ወጣቱ ወደ ኋላ ይቀርና፣ በግራ በኩል ሦስተኛው አግዳሚ ጫፍ ላይ በተቀመጡት በእትዬ አስካለች ፊት ተራ ይይዛል። ጳጳስ ሊጎበኙን ሲመጡ እንኳ እንዲህ በሥርዓት ተሰልፈን አናውቅም። እትዬ አስካለች መነጽራቸውን አፍንጫቸው ጫፍ ላይ አውርደው የእያንዳንዱን አንገት ይመረምራሉ።

«ይኼ ምንድን ነው?»

«ሐብል ነው አስኩዬ። ብር ነው።»

«ብር ሌባ ይበጥሰዋል። ክርን ማን ይሰርቀዋል? ማክሰኞ ና፣ እፈትልልሃለሁ።»

«አስኩዬ» የሚሏቸው የክርስትና ልጆቻቸው ብቻ ናቸው። እነዚህም፣ ይህ ነገር በሆነበት በ2007 ዓ.ም. መግቢያ፣ አርባ ሰባት ነበሩ። ከሃያ ሁለቱ መዘምራን አሥራ ሰባቱ የእሳቸው ናቸው፤ የቀሩት አምስቱ ድምፃቸው የማያምረው ለዚህ እንደሆነ እትዬ አስካለች አንድ ቀን ተናግረው አያውቁም፣ ፊታቸው ግን ይናገር ነበር።

ቁጥሩ እንዲህ የበዛው በእሳቸው ምኞት አይደለም። በአቃቂ ካቶሊክ ጥቂት ነው። ባቡሩና ፋብሪካው ያሰባሰበው ነባሩ ሰው አብዛኛው ኦርቶዶክስ ነው፤ የእኛ ቁምስና ሰው ግን ከሆሳዕና፣ ከወላይታ፣ ከእምድብር፣ ከዓዲግራት ሥራ ፍለጋ የመጣ፣ ከፋብሪካው አጥር ውጭ ዘመድ የሌለው ነው። ልጅ ሲወለድ ደግሞ ቤተ ክርስቲያን የምትጠይቀው ግልጽ ነው፦ ክርስትና የሚያነሣው ሰው ካቶሊክ ይሁን፣ ምግባሩም የተመሰከረለት ይሁን። ሁለቱን ባንድ ሰው ላይ ማግኘት በየትም አገር ቀላል አይደለም። ስለዚህ ካህኑ «የክርስትና እናቱ የታለች?» ብለው ሲጠይቁ ወላጆቹ ይተያያሉ፤ ከዚያ ዓይናቸውን ወደ ሦስተኛው አግዳሚ ይልካሉ። እትዬ አስካለች ነጠላቸውን እያስተካከሉ ብድግ ይላሉ። ሠላሳ አምስት ዓመት እንዲሁ ብድግ ሲሉ ኖሩ።

እሳቸው ራሳቸው በአሥራ ስምንት ዓመታቸው ከእምድብር መጥተው በጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው ፈትል ክፍል ተቀጠሩ፤ እዚያው ጡረታ ወጡ። ባለቤታቸው አቶ ቀናው የባቡር ሐዲድ ሠራተኛ ነበሩ፤ ሐዲዱ ቀጥ ካለ ሌላው የዓለም ነገር ቢጣመም ግድ የማይሰጣቸው ዝምተኛ ሰው። ልጅ አልወለዱም። አቶ ቀናው ካረፉ በኋላ ጎረቤት «ብቻሽን እንዴት ትችይዋለሽ?» ሲላቸው፣ እትዬ አስካለች «መቼ ብቻዬን ለቀቁኝ» እያሉ በመስኮት ወደ ውጭ ያመለክታሉ፤ እዚያም ሁልጊዜ ሁለት ሦስት ልጅ አይጠፋም።

ማተቡን በእጃቸው ይሠሩታል። በፈትል ክፍል ከማሽን ላይ እየተበጠሰ የሚወድቅ ክር አለ፤ ለምንም ስለማይሆን ይጠረጋል። እትዬ አስካለች ከዚያ ጥቂት ይዘው ሲወጡ ጥበቃው «ምንድን ነው የያዙት እትዬ?» ይላቸዋል፤ «የሰው አንገት ነው» ብለውት ያልፋሉ። ክሩን በየቀለሙ ነክረው ይፈትሉታል። የእያንዳንዱ ልጅ ቀለም የተለየ ነው፤ ሰማያዊ ከነጭ፣ አረንጓዴ ከቡኒ፣ እየተባለ እስከ አርባ ሰባት። ሲያረጅ በዚያው ቀለም ይታደሳል። አንድ ልጅ ከጓደኛው ጋር ማተብ ተለዋውጦ ቢመጣ ከሩቅ ያውቁበታል፤ ያም ልጅ የዚያን ዕለት ጆሮው ቀይ ሆኖ ወደ ቤቱ ይገባል።

እንግዲህ ስሕተታቸው ከዚሁ ከደግነታቸው ወጣ። ለልጆቹ ሁሉ ከሕፃንነታቸው ጀምሮ አንድ ነገር ያስተምሯቸው ነበር። «በአንድ እናት እጅ ነው የተነሣችሁት፤ ወንድምና እህት ናችሁ» ይሉ ነበር። ቅዳሜ በመዝሙር ልምምድ ላይ ወንድና ሴት ጠጋ ብለው ከተቀመጡ መጥተው በመካከላቸው ይቀመጡና መቁጠሪያቸውን ያወጣሉ። አምሳውን የማርያም ሰላምታ ደግመው እስኪጨርሱ ፍቅር የሚተርፈው ወጣት ጥቂት ነው። ውጤቱን ግን ማንም አላሰበበትም ነበር። የቁምስናው ወጣት ባንድ ሴት ደግነት ሁሉም እኅትማማችና ወንድማማች ሆኖ ቁጭ አለ፤ የሚያገባ ሁሉ ከሌላ ቁምስና ማምጣት ያዘ። ቆሞሳችን አባ ደበላ፣ የቤተ ክርስቲያን ሕግ ሮም ድረስ ሄደው የተማሩ ወጣት ካህን፣ የጋብቻውን መዝገብ አገላብጠው «ጥምቀት በሽ ነው፤ ተክሊል የለም። ይህ ቁምስና ነው ወይስ የሕፃናት ማሳደጊያ?» ብለው ነበር።

ሁለት ሰዎች ግን ከመቁጠሪያው ተርፈው ኖሯል።

አንዷ ማህሌት ናት፤ ሃያ ሦስት ዓመቷ፣ በቁምስናው መዋዕለ ሕፃናት አስተማሪ፣ ከእናቷ ከወይዘሮ ፈለቀች ጋር በገላን ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ የምትኖር። ሁለተኛው ዮሚፍ ነው፤ በቃሊቲ መንገድ ዳር ጎሚስታ ያለው፣ ሳምንቱን ሙሉ የከባድ መኪና ጎማ ሲፈታ ከርሞ እሑድ በዚያው እጁ ከበሮ የሚመታ። ሁለቱም የእትዬ አስካለች ናቸው። ፍቅራቸውን ሁለት ዓመት ደብቀው ያዙት፤ አንድ ቀን ዮሚፍ ለአባቱ ለአቶ ፈየራ «ሽማግሌ ይላክልኝ» አለ። አቶ ፈየራ ደስ አላቸው፤ ነገር ግን ያለ እናታቸው ምርቃት ሽማግሌ መላክ በእነሱ ቤት የለም።

እናታቸው እማማ ዳሲቱ የገላን ነባር ገበሬ ናቸው፤ ኦርቶዶክስ፣ ሰማንያን የተጠጉ፣ ከኮንዶሚኒየሙ ጀርባ በቀረችው ግቢያቸው ሁለት ላም የሚያልቡ። የጤፍ ማሳቸው የነበረው መሬት አሁን ከብሎክ አሥራ አንድ እስከ አሥራ አራት ያለው ነው። እሳቸው ግን ብሎክ የሚባል ነገር አያውቁም። «የታችኛው ማሳ» እና «የላይኛው ማሳ» ነው የሚሉት። ልጃቸው አቶ ፈየራ በወጣትነቱ በቁምስናው ትምህርት ቤት አናጢ ሆኖ ሲሠራ ካቶሊክ ሆነ፤ ልጁም ዮሚፍ በእትዬ አስካለች እጅ ተነሣ። ያን ጊዜ እማማ ዳሲቱ «ለወንድ ልጅ የክርስትና እናት! ወንድ ጠፍቶ ነው?» ብለው ሳምንት ሙሉ ተቆጥተው ነበር፤ በእነሱ ሥርዓት ወንድን ወንድ ነው የሚያነሣው። ነገር ግን ዮሚፍ ሦስት ዓመት ሲሞላው እናቱ ቢፍቱ አረፈች። እትዬ አስካለች ከፋብሪካ ሲወጡ በየቀኑ ገላን ድረስ እየሄዱ ልጁን አጥበው፣ አብልተው፣ አስተኝተው ይመለሱ ጀመር። ይህንን አንድ ዓመት ያዩት እማማ ዳሲቱ፣ አንድ ቀን በር ላይ ጠብቀው «አበልጄ» ብለው ጠሯቸው። ከዚያ በኋላ የተለወጠ ነገር የለም። እማማ ዳሲቱ አንዴ የተቀበሉትን ነገር የሚመልሱ ሰው አይደሉም።

አሁን ጣጣው ከዚሁ ነው የመጣው።

«ማን ናት ልጅቷ?» አሉ እማማ ዳሲቱ።

«ማህሌት ናት እማዬ። የፈለቀች ልጅ» አሉ አቶ ፈየራ።

«የላይኛው ማሳ ላይ የምትኖረው? አራተኛው ፎቅ?»

«አዎ።»

«ጥሩ ልጅ ናት። ክርስትና ማን አነሣት?»

አቶ ፈየራ መሬት መሬት አዩ። ይኸው ከበቂ በላይ መልስ ሆነ።

«ሂድ እንግዲህ» አሉ እማማ ዳሲቱ። «እህቱን ያገባ ሰው ሰርግ ላይ አልቀመጥም። እኔ ከሞትሁ በኋላ አድርጉት፤ እኔም ቶሎ አልሞትም።»

ወሬው እሑድን ሳይጠብቅ ቁምስናውን አዳረሰ። አባ ደበላ ከሮም ይዘውት የመጡት እውቀት በመጨረሻ ለቁም ነገር የሚሆንበት ቀን የመጣ መሰላቸውና ገላን ድረስ ወረዱ። እማማ ዳሲቱ ትኩስ ወተት አቀረቡላቸውና ጥግ ላይ ተቀምጠው ያደምጧቸው ጀመር።

«እማማ፣ በቤተ ክርስቲያን ሕግ በአንድ የክርስትና እናት የተነሡ ሁለት ሰዎች እንዳይጋቡ የሚከለክል አንቀጽ የለም» አሉ አባ ደበላ።

«የለም?»

«የለም። ሁሉንም አንብቤዋለሁ።»

«አንተ ሕግ ታነባለህ፣ እኔ ዘመድ እቆጥራለሁ። መጽሐፍህ ውስጥ ከሌለ ጻፍበት።»

«እማማ፣ እሱን የሚጽፉት ጳጳሱ እንኳ አይደሉም...»

«ታዲያ ለሚጽፈው ሰው ንገርልኝ። ወተቱ እየቀዘቀዘ ነው፣ ጠጣ።»

አባ ደበላ ወተቱን ጠጥተው ተመለሱ። የካህን ሥልጣን ብዙ ነገር ያስራል፣ ብዙ ይፈታል፤ ሰማንያን የተጠጋችን የገላን ሴት ግን አይመለከትም። ዮሚፍም ያለ አያቱ ምርቃት አላገባም አለ፤ ያሳደጉት እሳቸው ናቸውና። ማህሌት ያን ሰሞን በቅዳሴ ላይ ስትዘምር ድምፅዋ ከወትሮው ዝቅ ያለ ነበር። ሰልፉ ላይ ስትደርስ እትዬ አስካለች ማተቧን ነካ አደረጉት፤ ሰማያዊ ከነጭ የተፈተለ ነው። ማህሌት «ደህና ነኝ አስኩዬ» አለች፣ ማንም ሳይጠይቃት።

ወቀሳው ግልጽ ባይነገርም ወዴት እንደሚሄድ ሁሉም ያውቀዋል። ሠላሳ አምስት ዓመት «ወንድምና እህት ናችሁ» ሲሉ የኖሩት ማን ናቸው? እትዬ አስካለች ከሁሉም ቀድመው ይህንን ያውቁታል። ደግሞም ሌላው የማያውቀውን አንድ ነገር ብቻቸውን ያውቁ ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። በ1983 ዓ.ም. ነሐሴ ላይ ማህሌት ስትወለድ እናቷ ፈለቀች በወሊድ ታማ ሆስፒታል ተኝታ ነበር፤ ሕፃኗም ደካማ ነበረች። አባቷ ዘአማኑኤል፣ የሆሳዕና ልጅ፣ የፋብሪካው ባለሙያ፣ ክርስትና እንድታነሣለት የጠራው ታናሽ እህቱን ደመቀችን ነው። ጎርፍ መንገዱን ቆረጠውና ደመቀች ሆሳዕና ላይ ቀረች። ሕፃኗ ደግሞ የምትቆይ አትመስልም ነበር። የዚያን ጊዜው ቆሞስ፣ አባ አንሰልሞ የሚባሉ ጢማቸው ደረታቸውን የሸፈነ የማልታ ሚስዮናዊ፣ ወደ ሦስተኛው አግዳሚ ዞሩ። «አስካለች፣ አንቺ በእሷ ስም ያዣት» አሉ። እትዬ አስካለች ያዙ። መዝገቡ ላይም አባ አንሰልሞ እውነቱን ጻፉ፦ የክርስትና እናት ደመቀች፤ ወኪል አስካለች። የጻፉት ግን እንደ ልማዳቸው በላቲን ነው፤ እንኳን ሌላው እሳቸው ራሳቸውም የእጅ ጽሑፋቸውን ለማንበብ ይቸገሩ ነበር።

ዘአማኑኤል «እህቴ ስትመጣ ለፈለቀች እነግራታለሁ» አለ። እህቱ ግን አልመጣችም። በዓመቱ ጴንጤ ሆና «ሕፃን ማጥመቅ ልክ አይደለም፤ እኔ የለሁበትም» የሚል አጭር ደብዳቤ ጻፈች። ዘአማኑኤል በዚህ አፍሮ ነገሩን ለሚስቱ ሳያነሣው ቆየ፤ ማህሌት አምስት ዓመት ሲሆናት ታሞ ሞተ። አባ አንሰልሞም ወደ አገራቸው ሄደው እዚያው አረፉ። ነገሩ በእትዬ አስካለች እጅ ብቻ ቀረ። መጀመሪያ ለመናገር ጊዜው አልደረሰም ነበር፤ ቀጥሎ ደግሞ ጊዜው አለፈ። በመካከሉ ልክ የሆነበት አንድ ቀን መኖር ነበረበት፤ እትዬ አስካለች ያን ቀን ማተብ ሲፈትሉ አሳልፈውት ይሆናል።

ከሁሉ አብልጠው የሚወዱት ደግሞ እሷን ነበር። ይህንን ሁላችንም እናውቅ ነበር፤ ምክንያቱን ግን አናውቅም። አርባ ስድስቱን የወደዱት ቤተ ክርስቲያን በሰጠቻቸው ሥልጣን ነው። ይህችን አንዷን የወደዱት ያለ ምንም ሥልጣን ነው። እንዲህ ያለ ፍቅር ደግሞ በየቀኑ ከባዶ መጀመር አለበት። ቃል ገብቶ ያሰረው ነገር የለምና።

ከአባ ደበላ ሽንፈት በኋላ ባለው ማክሰኞ፣ እትዬ አስካለች በዕቃ ቤት የመንበሩን ልብስ እየተኮሱ ሳለ ካውያውን አቆሙ።

«አባ፣ የ1983ን የጥምቀት መዝገብ ቢያወጡት።»

አባ ደበላ ከወንበራቸው አልተነሡም። «አንብቤዋለሁ» አሉ።

«መቼ?»

«ዮሚፍ ሽማግሌ ይላክልኝ ያለ ዕለት። የሚጋባ ሰው ሲመጣ መጀመሪያ የማየው መዝገቡን ነው።»

«ታዲያ ገላን ሄደው ወተት የጠጡት ለምንድን ነው? ይህን ቢነግሯቸው አይበቃም ነበር?»

«ይበቃ ነበር» አሉ አባ ደበላ። «ሕጉ ግን ይህን አይፈልገውም፤ በሕግ ያለዚህም ይጋባሉ። ሕጉ የማይፈልገውን ነገር ከሰው ላይ መውሰድ ለእኔ አልተሰጠኝም። ያሳደጓት እርስዎ ነዎት።»

እትዬ አስካለች ካውያውን መልሰው አነሡ። የመንበሩን ልብስ ጠርዝ ሁለት ጊዜ ከተኮሱ በኋላ «እስከ አሁን ቆጥሬ አላውቅም ነበር» አሉ። «አርባ ሰባት ሲሉ ዝም እል ነበር እንጂ፣ በአፌ ብዬው አላውቅም።»

«አውቃለሁ» አሉ አባ ደበላ።

የዚያኑ ዕለት ከሰዓት በኋላ ሚኒባስ ይዘው ገላን ወረዱ። አራተኛ ፎቅ ለመድረስ በየፎቁ ማረፍ ነበረባቸው፤ ሦስተኛው ላይ ሲደርሱ ማህሌት ድምፃቸውን ሰምታ ወርዳ አገኘቻቸው። እዚያው ደረጃው ላይ ተቀመጡ። እትዬ አስካለች ወደ ቤት ሳይገቡ ነገሩን ሁሉ፣ ጎርፉን፣ ደብዳቤውን፣ ላቲኑን፣ ሳይጨምሩ ሳይቀንሱ ነገሯት። ማህሌት እስከ መጨረሻው ሰማች።

«ሃያ ሦስት ዓመት» አለች።

«ሃያ ሦስት ዓመት።»

«አንድ ቀን እንኳ አላሰብሽም ልትነግሪኝ?»

«በየቀኑ አስቤአለሁ። ዛሬ ግን ትምህርት ቤት ፈተና አላት፣ ዛሬ ደግሞ ትኩሳት አላት እያልሁ ቆየሁ።»

ማህሌት ልትስቅ ፈልጋ አልሆነላትም። በጣቷ ማተቧን ያዘች። «ታዲያ አሁን ምኔ ነሽ?»

«በመዝገብ ምንም» አሉ እትዬ አስካለች። «አክስትሽ ናት የክርስትና እናትሽ። ሆሳዕና አለች።»

«አይቻት አላውቅም።»

«ጥሩ ሴት ናት ይላሉ።» ከዚያ ተነሡና ቀሚሳቸውን አራገፉ። «ለእማማ ዳሲቱ ልነግራቸው ልሄድ ነው። አንቺ ሳትሰሚ ሌላ ሰው መስማት ስለሌለበት ነው ቀድሜ እዚህ የመጣሁት።»

«ቆዪ አስኩዬ። አትሂጂ። ሌላ መንገድ እንፈልግ።»

«ሌላ መንገድ ካለ አባ ደበላ ወተት ጠጥተው አይመለሱም ነበር።»

እትዬ አስካለች የደረሱት እማማ ዳሲቱ ላም ሲያልቡ ነው። ማለቡን ሳያቋርጡ ሰሙ። ሲጨርሱ ማለቢያውን አስቀምጠው፣ እጃቸውን በቀሚሳቸው አብሰው ቀና አሉ።

«ማርያምን?» አሉ።

«ማርያምን እማማ። መዝገቡም አለ። አባ ደበላ ያነቡልዎታል።»

«የእሱን ንባብ ተዪው። አንቺ ካልሽ ይበቃኛል።» ማለቢያውን በክዳኑ ሸፈኑ። «እውነተኛዋ የት ናት?»

«ሆሳዕና። ጴንጤ ሆናለች።»

«እሰይ! ካቶሊኳ ልጅ የጴንጤ የክርስትና ልጅ። የእናንተ መዝገብ ጉድ ነው።» ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «እንግዲህ የሰው ልጅ ሰርቀሽ ሃያ ሦስት ዓመት ያዝሽ ማለት ነው።»

«አዎ እማማ።»

«ዛሬ ደግሞ ለእኔ ልጅ ብለሽ መለስሽ።»

እትዬ አስካለች ነጠላቸውን አስተካከሉ።

«እኔ ብሆን አልመልሳትም ነበር» አሉ እማማ ዳሲቱ። «ሂጂ፣ ለፈየራ ሽማግሌ ይላክ በዪው። አይ፣ ቆዪ፤ ወተቱን በጠርሙስ ይዘሽ ሂጂ። ጠርሙሱን ግን መልሺ፤ እሱንም እንዳትሰርቂ።»

ሰርጉ ጥር ላይ ተደረገ። የኮንዶሚኒየም ሰርግ ሙሽራውንም አጃቢውንም በደረጃ ይፈትናል፤ ወንዶቹ እየጨፈሩ አራተኛ ፎቅ ሲደርሱ ግማሾቹ ዘፈኑን ለመተንፈስ ሲሉ ትተውታል። በሩ ላይ እንደ ደንቡ ልጃገረዶች ቆመው አላስገባ አሉ። አብዛኞቹ መዘምራን ናቸው፣ ማለት የእትዬ አስካለች ናቸው። ከሙሽራው ኋላ በሦስተኛው ረድፍ ላይ እትዬ አስካለችን ሲያዩ መንገድ ለቀቁ።

«አስኩዬ! አንቺ የኛ ነሽ፣ ግቢ!»

ያቺ በር ለእሳቸው ተዘግታ አታውቅም። የዚያ ቤት ዕጣ ወጥቶ ቁልፉ የተሰጠ ዕለት ወለሉን ከፈለቀች ጋር ጠርገውታል። ማህሌትን በዚያ ቤት ፀጉሯን ሠርተዋል፤ ከዚያ በፊትም በቀበሌው ቤት አጥበዋታል። እትዬ አስካለች ግን ባሉበት ቆሙ።

«እኔ የልጁ እናት ነኝ» አሉ። «ከሰርገኛው ጋር ነው የመጣሁት። ዝጉት።»

ልጃገረዶቹ ተያዩ፤ አንዷ ዓይኗን ጠረገች፤ ከዚያ ሥራቸው ነውና በሩን ዘጉት። ከኋላ እማማ ዳሲቱ በሁለት ሰው ተደግፈው፣ እየተነፈሱ ደረሱ። «በገዛ ማሳዬ ላይ በር ይዘጋብኛል?» አሉ። ሣቁ ደረጃውን ሞላው፤ በሩም በዚያ ሣቅ መሐል ተከፈተ።

ማህሌት ከቤቷ ስትወጣ ወገኖቿን ትሰናበት ጀመር። የእናቷን የፈለቀችን ጉልበት ሳመች፣ የአጎቶቿን ሳመች። ዞር ስትል እትዬ አስካለችን በሙሽራው ወገን ቆመው አየቻቸው፤ ቬሏን ሰብስባ ወደ እሳቸው ተንደረደረች።

«ተይ!» አሉ እማማ ዳሲቱ በትራቸውን ዘርግተው። «እሷ የኛ ናት። የኛን ጉልበት የምትስሚው እኛ ቤት ስትገቢ ነው። ሥርዓት አለው።»

ማህሌት ቆመች። እትዬ አስካለችም ቆሙ። ሁለት እርምጃ ያህል ነበር በመካከላቸው ያለው፤ በሥርዓት ግን ሩቅ ነው። ከተክሊሉ ጀምሮ እስከ ግብዣው መጨረሻ አልተቀራረቡም። እትዬ አስካለች ቅዳሴው ላይ የተቀመጡት በቀኝ በኩል፣ በሙሽራው ዘመዶች ረድፍ ነው፤ ሦስተኛው አግዳሚ ያን ቀን ባዶውን ዋለ።

አሥር ሰዓት ላይ ሙሽሮቹ ገላን፣ እማማ ዳሲቱ ግቢ ገቡ። ድንኳኑ ውስጥ ለሙሽራው ቤተሰብ ሦስት ወንበር ተደርድሯል። በአንዱ እማማ ዳሲቱ ተቀመጡ፤ በሌላው አቶ ፈየራ። የመካከለኛው የቢፍቱ ነው፤ ሃያ ዓመት ያህል በየድግሱ እንዲሁ ባዶ ሲዘረጋ የኖረ ነው። እማማ ዳሲቱ በበትራቸው ወንበሩን መታ መታ አደረጉ።

«አበልጄ፣ ተቀመጪ። ሙሽራዋ እስከ ማታ አትቁም።»

እትዬ አስካለች ተቀመጡ። እግራቸው መሬት በደንብ አልደረሰም፤ ወንበሩ ለረጅም ሴት የተሠራ ነው። ማህሌት መጣች። የእማማ ዳሲቱን ጉልበት ሳመች፤ ምርቃት በአማርኛም በኦሮምኛም ወረደ። የአቶ ፈየራን ሳመች። ከዚያ ወደ መካከለኛው ዞራ ተንበረከከች፤ ግንባሯን በእትዬ አስካለች ጉልበት ላይ አስደግፋ ከሚገባው በላይ ቆየች።

እትዬ አስካለች በእጃቸው አንገቷን ዳሰሱ። ከወርቁ ሐብል በታች ክሩ አለ፤ ሰማያዊ ከነጭ። ትንሽ ላልቷል።

«ማክሰኞ ነይ» አሉ። «እፈትልልሻለሁ።»

«ማክሰኞ ጫጉላ ላይ ነኝ እማዬ።»

«እንግዲያው እኔ እመጣለሁ» አሉ እትዬ አስካለች። «አማት ነኝ። ይፈቀድልኛል።»